ቁምራንን በጥድፊያ አትዩት

ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄደው አብዛኛው ሰው ቁምራንን የሚያየው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ቁምራን ሙት ባሕር አጠገብ ያለ የጥንት አይሁድ መንደር ፍርስራሽ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ዋሻዎች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የቆዩ የብራና ጥቅልሎች ወጥተዋል። ወደ ሙት ባሕር ሲወርድ በስተቀኝ ቡናማ ገደል ያያል። አስጎብኚው «ጥቅልሎቹ የተገኙት እዚህ ነው» ይላል። መኪናው አይቆምም። ቢቆምም ለፎቶና ለሽንት ቤት ነው። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ቁምራን ግማሽ ቀን የሚገባው ቦታ ነው። ለመሄድ ላሰበ ሰው ምን እንዳለውና ምን እንደሚጎድለው ልጻፍ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ሥራዬ ውሃ ነው። የመጠጥ ውሃ መስመር ዝርጋታ ላይ ነው የምውለው። አባቴ ደግሞ መሪጌታ ናቸው። ሄኖክንና ኩፋሌን ሲያነቡ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቁምራን ላይ የሥራዬም የቤቴም ጉዳይ አንድ ላይ ገጠመኝ። ስለዚህ ግምገማዬ ወደ ውሃውና ወደ መጻሕፍቱ ያደላል። የሕንፃ ሰው ቢጽፈው ሌላ ነገር ያነሳ ይሆናል።

መጀመሪያ የሄድኩት በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነበር። ቁምራን፣ ማሳዳና ሙት ባሕር በአንድ ቀን ነው የተባልነው። ማሳዳ በሮም ላይ ያመፁ አይሁድ መጨረሻ ላይ የመሸጉበት ተራራ ነው። ቁምራን ደርሰን ከመኪና እንደወረድን መጀመሪያ የተመራነው ወደ ሱቁ ነው። የሙት ባሕር ጭቃ፣ ክሬም፣ ጨው፣ ተምር፤ ሁሉም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ጊዜያችንን በላው። ለፍርስራሹ የተረፈን ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር። እዚያም አስጎብኚያችን አንድ ገንዳ ዳር አቁሞን «እነዚህ ሰዎች ናቸው ኋላ ማሳዳ ላይ ራሳቸውን የገደሉት» አለን። ከቡድኑ ብዙዎቹ በስልካቸው ጻፉት። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ጠየቅሁት። «ያው ሁሉም አክራሪዎች ናቸው» ብሎኝ አለፈ።

የቁምራንና የማሳዳ ሰዎች አንድ አይደሉም። ይህን ማወቅ ለጉብኝቱ ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ በዘመኑ የነበሩትን አይሁድ በሦስት ወገን ይከፍላቸዋል። ፈሪሳውያን፣ ሰዱቃውያንና ኤሴናውያን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከወንጌል እናውቃቸዋለን። ኤሴናውያን ግን በወንጌል ውስጥ በስም አልተጠቀሱም። ቁምራን ይኖሩ ነበር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዮሴፈስ ከ4,000 በላይ እንደነበሩ ይናገራል። የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎ ደግሞ ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል። ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ ዮሴፈስ አራተኛ መንገድ ያነሳል። እሱም ከገሊላው ይሁዳ የተነሳው፣ «ከእግዚአብሔር በቀር ጌታ የለንም» ብሎ በሮም ላይ ያመፀው ወገን ነው። የማሳዳዎቹ ሲካሪዎች የሚመደቡት ወደዚህኛው ነው። ስማቸው የመጣው ልብሳቸው ሥር ከሚደብቁት ጩቤ ነው።

ሁለቱም ለእግዚአብሔር ይቀናሉ። ቅንዓታቸው ግን ለየቅል ነው። የማሳዳው ቅንዓት በጩቤ ነው። የቁምራኑ ቅንዓት በውሃ፣ በማዕድና በቀን መቁጠሪያ ነው። ቦታውን ስታዩ ይህን ካልያዛችሁ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

እርግጥ ፍጹም የተለያዩ አልነበሩም። ዮሴፈስ በሮም ላይ በተደረገው ጦርነት አዛዥ ስለነበረ ዮሐንስ የሚባል ኤሴናዊ ይነግረናል። በሰንበት መሥዋዕት ሰዓት የሚዜም፣ ከመላእክት ጋር አብሮ የሚያመሰግን መዝሙር በቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል። የዚያው መዝሙር ቅጂ ማሳዳ ላይም ተገኝቷል። ምናልባት ቁምራን ሲጠፋ የሸሸ ሰው ይዞት ሄዶ ይሆናል። ይህን የምለው በግምት ነው። አስጎብኚያችን ይህን አንስቶ ቢሆን ኖሮ አመሰግነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ከኢየሩሳሌም በሕዝብ አውቶቡስ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከከተማዋ ከፍታ ወደ ዓለም ዝቅተኛው የየብስ ሥፍራ ቁልቁል ይወስዳችኋል። ሙት ባሕር ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል። ምክሬ ይኸው ነው፦ ቁምራንን በራሳችሁ ሂዱ።

መግቢያው ላይ አጭር ፊልም ያሳያሉ። ከፊልሙ ቀጥሎ ትንሽ ሙዚየም አለ። ፊልሙ ጨርሶ ስለ ቦታው ላልሰማ ሰው ይጠቅማል። ለማያውቅ ልጅም ጥሩ ነው። አንብቦ ለሄደ ሰው ግን ቀለል ይልበታል። ሙዚየሙን አትዝለሉት። የሸክላ ዕቃዎቹን እዚያ ካያችሁ በኋላ ክፍሎቹ ዘንድ ስትደርሱ ነገሩ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ውሃው።

ቁምራን ምንጭ የለውም። ዝናቡ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሱም ደርሶ በጎርፍ መልክ ነው። ከበላይ ካለው ተራራ ሸለቆውን ይዞ ድንገት ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች ያን ጎርፍ ሸለቆው ውስጥ በግድብ ያዙት። አለቱን በስተው ቦይ አወጡ። ውሃው መንደሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ ነው። እዚያ ጭቃው ይዘቅጣል። ከዚያ የጠራው ውሃ በቦይ እየተጠማዘዘ መንደሩን አቋርጦ ከገንዳ ገንዳ ይሄዳል። አንዱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይተርፋል። ፓምፕ የለም፤ ሁሉም በተዳፋት ነው። ተዳፋቱን በዓይኔ ለካሁት። የሚያስቀና ሥራ ነው። ቦዩን የለሰነው ግራጫ ልስን ዛሬም በብዙ ቦታ ተጣብቆ አለ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ድካም ያመጣው ጥም ብቻ አይደለም። ለመጠጥ ቢሆን ኖሮ ክብ ጉድጓዶቹ ይበቁ ነበር። ከነሱ ውስጥ አንዱ ከኤሴናውያን በፊት፣ በይሁዳ ነገሥታት ዘመን የተቆፈረ ነው። ከገንዳዎቹ 10 የሚሆኑት ደረጃ አላቸው። ደረጃው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገንዳውን ይሞላዋል። ውሃ ለማጠራቀም ብቻ የሚቆፍር ሰው እንዲህ አይሠራም፤ ደረጃ ቦታ ይበላል። ይህ ሰው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ የሚገባበት ነው። አንዳንዶቹ ደረጃ ላይ መሃል ለመሃል ዝቅ ያለ የልስን ክፋይ ታያላችሁ። በአንዱ ወገን ርኩስ ሆኖ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ነጽቶ ይወጣል። የሚወርደውና የሚወጣው እንዳይነካኩ ነው።

እዚህ ደረጃ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ዮሴፈስ የጻፈውን አስታውሱ። ከፀሐይ መውጣት በፊት ስለ ዓለም ጉዳይ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ይጸልያሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይሄዳል። እስከ አምስተኛው ሰዓት ይሠራሉ። ከዚያ ይሰበሰባሉ፤ የተልባ እግር ልብስ ታጥቀው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ወደ ማዕድ። አንድ ነባር በአንድ አዲስ ገቢ ከተነካ፣ ባዕድ እንደነካው ቆጥሮ ይታጠባል። ይህ በየቀኑ ነው። በበረሃ። በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚመጣ ጎርፍ ውሃ። ይህን የሚያደርግ ሰው እምነቱን በወሬ አልያዘውም።

አባል መሆንም ቀላል አልነበረም። የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት በውጭ ይቆያል። ትንሽ መቆፈሪያ፣ ማገልደሚያና ነጭ ልብስ ይሰጠዋል። መቆፈሪያው ለመጸዳዳት ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ራሱን በልብሱ ሸፍኖ፣ ጨርሶ ይደፍነዋል። በሰንበት ግን አይጸዳዱም። አንዱን ዓመት ካለፈ ወደ ጠራው ውሃ ይጠጋል፤ ባሕርዩ ገና ሁለት ዓመት ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ነው ከባድ መሐላ ምሎ የማዕዱ ተካፋይ የሚሆነው። ልብስና ጫማ እስኪያልቅ ድረስ አይቀይሩም። ሀብት የጋራ ነው።

አንዱን ገንዳ ሳታዩ እንዳትወጡ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ግማሹ ዝቅ ብሏል። ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በ31 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያደረገው ነው ይባላል። ከሁሉም ነገር በላይ ብዙ ጊዜ የቆምኩት እዚህ ነው።

ከገንዳዎቹ ወደ ደቡብ ረጅሙ አዳራሽ አለ። 22 ሜትር ይሆናል። ከጎኑ ያለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ከ1,000 በላይ የሸክላ ዕቃ ተደርድሮ ተገኝቷል፤ ሳህን፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ዋንጫ። ቁፋሮውን ከ1951 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) የመሩት የዶሚኒካን መነኩሴው ሮላን ደ ቮ ናቸው። አዳራሹን የምግብ ቤት ነው ብለዋል። ዮሴፈስ የማዕዱን ሥርዓት ሲተርክ ጋጋሪው ዳቦውን በተራ ያስቀምጣል፤ አብሳዩ ለእያንዳንዱ አንድ ሳህን አንድ ዓይነት ምግብ ያቀርባል ይላል። ካህኑ ሳይጸልይ ማንም አይቀምስም። ሲጨርሱም ይጸልያሉ። ጩኸት የለም። ከውጭ ላለ ሰው ዝምታቸው የሚያስፈራ ምስጢር ይመስለው ነበር። ሳህኖቹ ለየሰው ለየብቻ መሆናቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የጽሕፈት ክፍል የተባለውን ደግሞ በጥንቃቄ እዩት። ከላይኛው ፎቅ ወድቀው የተገኙ የልስን ገበታዎችና የቀለም ዕቃዎች ናቸው ስሙን ያሰጡት። ገበታዎቹ ለመጻፊያ ነበሩ ወይስ ለሌላ? ሊቃውንት ይከራከሩበታል። የቀለም ዕቃ መገኘቱ ግን እዚህ ይጻፍ እንደነበር ያሳያል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ሐቁን መናገር አለብኝ። የቁምራን ነዋሪዎች ኤሴናውያን ነበሩ የሚለው የብዙዎቹ ሊቃውንት አስተያየት ነው እንጂ ሁሉም አልተቀበሉትም። ምሽግ ነበር ያሉ አሉ። የእርሻ ርስት ነበር ያሉም አሉ። እኔ የማምነው ከብዙዎቹ ጋር ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከሙት ባሕር በስተምዕራብ ያለ ሴትና ያለ ገንዘብ ከተምር ዛፍ ጋር ብቻ የሚኖሩ ኤሴናውያንን ጠቅሷል። ከነሱ በታች ዓይንጋዲ እንዳለች ይናገራል። ቁምራን ከዓይንጋዲ በስተሰሜን ነው። በዚያ ላይ የገንዳዎቹ ብዛት አለ። በዚያ ላይ ዋሻዎቹ አሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው ሌላው ማብራሪያ ይጠብብኛል። በስተምሥራቅ ካለው መካነ መቃብር ከ1,000 በላይ መቃብር አለ፤ ከተቆፈሩት ጥቂቶቹ የሴት ናቸው። ዮሴፈስም የሚያገቡ ሌላ የኤሴናውያን ወገን እንደነበሩ ጽፏል። ጉዳዩ ቀጥ ያለ አይደለም።

ወደ ዋሻዎቹ። ከመንደሩ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ማዶ ያለው ገደል ላይ አፉን የከፈተ ጥቁር ቀዳዳ ታያላችሁ። አራተኛው ዋሻ ነው። በጣም ቅርብ ነው፤ ሸለቆው ብቻ ነው የሚለያችሁ። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ከዚያ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ወጡ። ከ500 በላይ መጻሕፍት ብጥስጣሾች ናቸው። የመጀመሪያው ዋሻ ግን ከዚህ ወደ ሰሜን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ1947 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ተዓሚራ ከሚባለው የቤዱዊን (ዘላን) ጎሳ የሆነ እረኛ ማሰሮዎቹን ያገኘው እዚያ ነው። በጠቅላላው 11 ዋሻ ነው። ከመጽሐፈ አስቴር በስተቀር የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ሁሉ ቁራጭ ተገኝቶባቸዋል።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ከአራተኛው ዋሻ የሄኖክ መጽሐፍ ቁርጥራጮች በአራማይክ ወጥተዋል። ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝቷል፤ ከአንድ ሁለት ቅጂ በላይ። አባቴ በግዕዝ የሚያነቧቸው ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው። ከሄኖክ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ቁምራን ላይ አልተገኘም፤ ሌላው አለ። እነዚያ ነጭ ለባሾች ያነበቡትን መጽሐፍ የኛ ደብተራዎች ሳያቋርጡ ገልብጠው አቆይተውታል። ያንን ገደል እያየሁ ስልክ አውጥቼ ለአባቴ ደወልኩ። «አባዬ፣ ሄኖክ የተገኘበት ዋሻ ፊት ቆሜያለሁ» አልኳቸው። «እስኪ ጸሎት አድርሺልኝ» አሉኝ።

ከሄኖክና ከኩፋሌ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፤ የቀን መቁጠሪያው። ሁለቱም መጻሕፍት ዓመቱን 364 ቀን ያደርጉታል። ልክ 52 ሳምንት ነው። ስለዚህ በዓል ሁሉ በየዓመቱ በዚያው የሳምንት ቀን ይውላል። ከሰንበት ጋር አይጋጭም። የቁምራን ማኅበር ይህን ቆጠራ ያዘ። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ደግሞ በጨረቃ ላይ የተመሠረተ ሌላ ቆጠራ ይከተል ነበር። ይህ ለኛ ዛሬ የቁጥር ጉዳይ ይመስላል። ለነሱ ግን የሰማይ መላእክት በሚያከብሩበት ቀን ማክበርና አለማክበር ማለት ነው። በዕንባቆም ላይ የጻፉት ትርጓሜ ክፉ የሚሉት ካህን የጽድቅ መምህር የሚሉትን መሪያቸውን በማስተስረያ ቀን እንዳሳደደው ይናገራል። ብዙ ሊቃውንት ይህን በሁለቱ ቆጠራ ልዩነት ይረዱታል። በአንዱ ቆጠራ ጾምና ዕረፍት የሆነው ቀን ለሌላው የመንገድ ቀን ነበር። በአንድ ቀን ልዩነት ከቤተ መቅደስ ተለይቶ በረሃ መውረድ! እንዲህ ያለ ቅንዓት ነው።

የማኅበሩ ደንብ መጽሐፍም በመጀመሪያው ዋሻ ተገኝቷል። ጥብቅ ነው። አሥር ሰው ባለበት አንዱ ቀንና ሌሊት ሕጉን ያጠናል፤ በተራ። ማኅበሩ በዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ አንድ ሦስተኛውን ነቅቶ ያነባል፣ ይጸልያል። ጉባኤ ላይ የተኛ 30 ቀን ይቀጣል። ባልንጀራው ሲናገር ያቋረጠ 10 ቀን። ስለ ገንዘቡ የዋሸ አንድ ዓመት ከማዕዱ ይለያል፤ ከምግቡም ሩቡ ይቀነስበታል። ይህን ሳነብ እኛ በሥራ ቦታ የምናደርገው ስብሰባ ታወሰኝ። ሰው ሲናገር ማቋረጥን ኃጢአት ያደረገ ማኅበር ክብር ይገባዋል።

ሁሉንም ግን አልወደድኩትም። ያው ደንብ የብርሃን ልጆችን ሁሉ ውደዱ፣ የጨለማ ልጆችን ሁሉ ጥሉ ይላል። ይህን መቀበል አልችልም። የደማስቆ ሰነድ በሚባለው ጽሑፋቸው ደግሞ እንስሳ በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ አታውጡት የሚል አለ። ጌታችን «ከእናንተ በጉ በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅበት የማያወጣው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በርግጥ የማያወጣ ሰው በዚያች አገር ነበረ። ማቴዎስ ምዕራፍ 12ን ከዚህ በኋላ ሳነብ ክርክሩ ሌላ ክብደት አለው።

በዚያ ቀን ያጋጠመኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከገንዳዎቹ አጠገብ ነጠላ የለበሱ እናት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ከቤተ እስራኤል ናቸው። በአማርኛ ሰላም ስላቸው ደስ አላቸው። ልጅ ልጃቸው ከዕብራይስጡ ጽሑፍ እየተረጎመች ታነብላቸዋለች። ደረጃውንና ክፋዩን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እኛም እኮ አገር ሳለን ከገበያ ስንመለስ ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤት አንገባም ነበር» አሉኝ።

«እማማ፣ ክረምትም?» አልኳቸው።

«ክረምትም! ብርድ ነው ተብሎ ይቀራል? ሰፈራችንን ወንዝ ዳር የምናደርገው ለዚህ አይደል!»

ከዚያ ስለ መነኮሳቶቻቸው ነገሩኝ። ብቻቸውን የሚያበስሉ፣ ከሰው የማይነካኩ። ቤተ እስራኤል መነኮሳት እንደነበሯቸው አነብ ነበር፤ ከአንድ ያየ ሰው አፍ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ከኤሴናውያን ወረዱ ማለት አይደለም። በመካከሉ ብዙ መቶ ዓመታት አሉ። ነገር ግን ያን ገንዳ እኔ በውሃ ሥራ ዓይን ሳየው፣ እሳቸው ያዩት በሕይወታቸው ነው። የትኛውም የመረጃ ሰሌዳ ይህን አይሰጥም።

አሁን ስለ አገልግሎቱ። መንገዱ የተስተካከለ ነው፤ አቅጣጫው አያስቸግርም። ሰሌዳዎቹ አጭር ናቸው። «የንጽሕና መታጠቢያ» ይላል፤ በቃ። ለምን እንደታጠቡ አይናገርም። አንብባችሁ ካልሄዳችሁ የኤሴናውያን ሕይወት ከሰሌዳ አይገኝም። ይህ የቦታው ትልቁ ጉድለት ነው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር አላየሁም። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚመጣበት ስለሆነ አንድ በራሪ ወረቀት ቢኖር ምኞቴ ነው። ጥላ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ። ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ። ምግብ ቤቱ ራስን በራስ ማስተናገድ ነው። በጾም የሄደ ሰው ሰላጣና ዳቦ አያጣም፤ እኔ ግን ስንቄን ይዤ ነው የሄድኩት። ሱቁን መጨረሻ ላይ ግቡበት፣ ተምሩ ደስ ይላል።

ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ ወዳለው የእስራኤል ሙዚየም ሂዱ። ጥቅልሎቹ የሚታዩበት ክፍል በ1965 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ነው። ጣሪያው ጥቅልሎቹ የተገኙበት ማሰሮ ክዳን ይመስላል፤ ነጭ ነው። ከፊቱ ጥቁር የባዛልት ግድግዳ ቆሟል። የብርሃንና የጨለማ ልጆች ጦርነት ነው የሚያሳየው። ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብራናውን ብርሃን እንዳይጎዳው። መሃል ላይ በክብ የተዘረጋው የኢሳይያስ ጥቅልል ቅጂ ነው፤ ዋናው ብራና ተሸሽጎ ይጠበቃል። ዋናው ከ7 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 66ቱንም ምዕራፍ የያዘ ነው። አንዳንዱ ጎብኚ ቅጂ መሆኑን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ አልከፋኝም። በዙሪያው ባሉት ሳጥኖች ውስጥ እየተፈራረቁ የሚታዩ እውነተኛ ቁራጮች አሉ። ፊደላቸው ጥርት ያለ ነው። የብራና ሥራ የሚያውቅ ሰው መስመሩ እንዴት በሹል ነገር እንደተሰመረ ማየት ይችላል። ሙዚየሙ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ሙሉ ቀን ስጡት። ግቢው ውስጥ ያለውን የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ኢየሩሳሌም ሞዴልም እዩ፤ ኤሴናውያን የተለዩት ከየትኛው ቤተ መቅደስ እንደሆነ ዓይናችሁ ያያል።

መሄድ ለማይችል ሰውም መንገድ አለ። ሙዚየሙ የኢሳይያስን ጥቅልልና የማኅበሩን ደንብ ጨምሮ አምስት ጥቅልሎችን በኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። ፎቶው በጣም ጥሩ ነው። እስከ ብራናው ስፌት ድረስ አጉልታችሁ ታያላችሁ። ለአባቴ ስከፍትላቸው መጀመሪያ ያዩት ጽሑፉን አልነበረም፤ ስፌቱን ነው። «ጥሩ ሰፊ ነበራቸው» አሉ።

ለሚሄድ ሰው የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ቁምራን ያለው በዌስት ባንክ ክልል ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም ስትመለሱ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት ያዙ። ትኬት የሚከፈለው በሼክል ነው። ሌሎች ብሔራዊ ፓርኮችን የምታዩ ከሆነ የጋራ ትኬት እንዳለ ጠይቁ፤ ይረክሳል። ዓርብ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ከኢየሩሳሌም የሕዝብ አውቶቡስ የለም፤ መኪና ካልተከራያችሁ በስተቀር ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሂዱ። አውቶቡሱ የሚያወርዳችሁ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ በሩ ያለው ዳገት በእግር ነው። ስትመለሱም የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከመውረዳችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ፌርማታው ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል።